በጎረቤት እሳት የተጋገረው ቶርታ

ሞት በገባበት ቤት እሳት አይነድም። ይህን ሥርዐት ለሰርኬ ማንም አስቀምጦ አላስተማራትም፤ አፏን እንደ ፈታችበት ቋንቋ ከሰው መካከል ያገኘችው ነው። ኀዘንተኛ ምድጃ አይለኩስም፤ ሊጥ አያቦካም፤ ድስት አይጥድም። የሚቀመሰውን ጎረቤት ከየቤቱ ይዞለት ይመጣል፤ አልበላም ቢል እየለመነም እየተቈጣም ያጎርሰዋል። ኀዘን ሰውን ከእህል ይለየዋልና፣ ወደ እህል የሚመልሰው ሌላ ሰው ያስፈልገዋል።

ዳሩ ግን ሰርኬ ራሷ ይህ ሥርዐት አልተፈጸመላትም። ባሏ አምሐ የቆዳ ነጋዴ ነበረ። በ፲፱፻፳፱ ዓ.ም. በየካቲት፣ ከተማው በነደደበትና ሰው እንደ ቅጠል በረገፈበት በዚያ ዓርብ፣ "ሱቁን ቈልፌ መጣሁ" ብሎ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ሬሳው አልተገኘም። በመጋቢት፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ሦስት የኮልፌ ሽማግሎች በአቶ ወልደጊዮርጊስ መሪነት መርዶ ሊያረዷት ደጇን አንኳኩ። እርሷ ግን በሩን ሳትከፍት ከውስጥ ሆና፣ "ሬሳውን በዐይኑ ያየ ካለ እርሱ ይግባ፤ የቀራችሁት ወደየቤታችሁ" አለቻቸው። ያየ አልነበረምና ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ደፍሮ የመጣ የለም።

እነሆ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ጠጉሯን አልተላጨችም፤ ጥቁር አልለበሰችም፤ ማታ ማታ የባሏን ድርሻ ከድና ታሳድርና ጧት ለነዳያን ትሰጠዋለች። መርዶ ስላልተነገረ ለቅሶ የለም፤ ለቅሶ ስለሌለ ፍትሐት የለም፤ ፍትሐት ስለሌለም ተዝካር የለም። የንስሐ አባቷ፣ "ልጄ፣ ጠብቂው አልልሽም፤ ተስፋ ቍረጪም አልልሽም። ነገር ግን ሞቶ እንደ ሆነ፣ የሚጸልይለት አጥቶ በደጅ እንደ ቆመ ዕወቂ" ብለዋት ነበር። ቃሉ እሾህ ሆኖ ተሰካባት። ቢሆንም እሾሁን መሸከም መረጠች። "ሞቷል" የሚለውን ቃል ተቀምጣ የሰማች እንደ ሆነ አምሐ ያን ጊዜ በርግጥ የሚሞት ይመስላት ነበር፤ ቃሉን እስካልሰማች ድረስ ግን በአንድ ስፍራ፣ በአንድ እስር ቤት፣ ባሕር ማዶም ቢሆን ይተነፍሳል።

የምትሠራው በቀራንዮ መድኃኔዓለም አቅራቢያ በተከራየ በአንድ ጣልያናዊ መንገድ አሠሪ ቤት ነው። በጠላት ቤት በመሥራቷ ያማት ሰው ብዙ ነበረ፤ እርሷም አላስተባበለችም። ባል አጠገቧ የሌላት ሴት ጦሟን ውላ ጦሟን ማደር ስላልቻለች ገባች እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበራትም። የቤቱን ጌታ "ሲኞር"፣ ሚስቱን "ሲኞራ" ትላቸዋለች። ሲኞራ ሊና ደረቅ ሳል የማይለያት፣ የክረምቱን ዝናብ እንደ ጦረኛ የምትፈራ ቀጭን ሴት ነበረች። እርሷ በሰባራ አማርኛ ታዛለች፤ ሰርኬ በወጥ ቤት ጣልያንኛ ትመልሳለች። እመቤትና ገረድ ነበሩ። ከዚያ የሚበልጥ ነገር በመካከላቸው አልነበረም፤ ነበረ ብሎ መጻፍም ሐሰት ይሆናል።

በ፲፱፻፴ ዓ.ም. በፍልሰታ ጾም አንድ ቀን፣ የሲኞር አለቃ ከሚስቱ ጋር ከቀትር በኋላ ይመጣል ተብሎ ቶርታ ታዘዘ። ቶርታ ከስንዴ ዱቄት፣ ከስብ፣ ከእንቁላልና ከስኳር የሚሠራ የቂጣ ዐይነት ነው። ጠርዙ እንደ ሳህን ከንፈር ብድግ ይላል፤ ሆዱ በተወቀጠ ለውዝ ይሞላል፤ ተጋግሮ ከበረደ በኋላም እሳት ያልነካው፣ ከዛፍ የወረደ ፍሬ ይደረደርበታል። ለውዙ ከሲኞራ አገር በቆርቆሮ የመጣ ነበረ። ፍሬው ግን ሰርኬ በማለዳ የገዛችው የቀራንዮ ኮክ ነው፤ ዝናብ ያጠበው፣ አንድ ጉንጩ ብቻ የቀላ።

ሁለቱ ሴቶች ማድቤት ቆመዋል። ሲኞራ ዱቄቱን ከስቡ ጋር በጣቶቿ ጫፍ ታሻለች፤ ሰርኬ ለውዙን በፈላ ውሃ ነክራ ልጡን ትገፍፋለች። በዚህ መካከል ሲኞር የቴሌግራም ወረቀት ይዞ ገባ። ቆሞ አነበበው። ጥቂት ቃል ነው፤ ከጥቂቱም ውስጥ ሰርኬ "እናት" እና "ሞተች" የሚሉትን ለየች።

ሲኞራ እጇን ከዱቄቱ አላወጣችም። ባሏ ትከሻዋን ነካ አደረገ፤ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሰዓቱን አየ። ቀጥሎ ወደ ሰርኬ ዞረና፣ "ቶርታ፣ ዐሥር ሰዓት። እንግዳ ይመጣል። ምንም አይቀርም። ገባሽ?" ብሎ ወጣ።

ሰርኬ ደነገጠች። ያስደነገጣት ሞቱ አይደለም፤ እናት በሁሉም አገር ትሞታለች። ያስደነገጣት አነጋገሩ ነው። መርዶ እንዲህ ይነገራል? ሰው በቁሙ፣ በሥራው መካከል፣ እጁ ሊጥ እንደ ነካ? ሽማግሌ የለ፤ ከግራ ከቀኝ የሚደግፍ ዘመድ የለ! ሌባ እንኳ እንዲህ አይረዳም ስትል ዐሰበች።

ወዲያው ሁለት ነገር አደረገች። ሲኞራን በክንዷ ይዛ ዱካ ላይ አስቀመጠቻት። ከዚያም እንስራውን አንሥታ፣ ከማለዳ ጀምሮ ሲነድ በቈየው ምድጃ ላይ ውሃውን ቸለሰችበት። ፍሙ አፏጨ፤ ማድቤቱ በእንፋሎትና በዐመድ ሽታ ተሞላ።

ሲኞራ በእንፋሎቱ መካከል ቀና ብላ፣ "ሴርኬ… ቶርታ…" አለች።

"ቶርታው ይደርሳል። እርስዎ ብቻ ይቀመጡ።"

ስሕተቷ ከዚህ ይጀምራል፤ ሥርዐቷ የዓለም ሁሉ ሥርዐት መሰላት። በዚህ ቤት እሳት አይነድም፤ ቶርታው ግን ለዐሥር ሰዓት መድረስ አለበት፤ ሁለቱን የሚያስታርቅ የጎረቤት ምድጃ ብቻ ነው። ስለዚህ ማንንም ሳታስፈቅድ ሊጡን፣ ለውዙን፣ ስኳሩን፣ ኮኩንና የመጋገሪያውን ቆርቆሮ በገንዳ አደረገች፤ ነጠላ አለበሰችው፤ በራሷ ተሸክማም ጭቃውን እየረገጠች ወደ ኮልፌ ቍልቍል ወረደች።

የሃጂራና የሰርኬ ግቢ በአንድ አጥር የተያያዘ ነው። ሃጂራ ዳቦ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ጣልያን ገበያውን ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ሲያዛውር እርሷም ከነልጆቿ ተከትላ መጣች። በጓሮዋ ከጭቃና ከጭድ የተሠራ፣ ጎጆ የሚያህል የዳቦ ምድጃ አላት። ሰርኬን ከነሸክሟ ስታይ የእንጨት አካፋዋን ጣለች።

"አንቺ! ምን ተሸክመሽ ነው? ጣልያኑ አባረረሽ እንዴ?"

"አላባረረኝም። ምድጃሽን አውሺኝ።"

"ምድጃ ደግሞ እንደ ወንፊት ይዋሳል? ይልቅ አውርጂው፤ አንገትሽ ሊቀጭ ነው።" ገንዳውን ተቀበለቻትና ነጠላውን ገለጥ አደረገች። "እኚህ ሰዎች ዳቦ ላይ ኮክ ይተክላሉ? እንግዲህ በርበሬያችን ላይ ስኳር የሚነሰንሱበት ቀን ሩቅ አይደለም።"

"አትሣቂ። የሲኞራ እናት ሞተችባት።"

ሃጂራ ሣቋን አቆመች። "ማን አረዳት?"

"ባሏ።"

"መቼ? ማለዳ?"

"አሁን። ቆማ፤ እጇ ዱቄት እንደ ነካ።"

"ቆማ!" ሃጂራ መዳፏን አፏ ላይ ጫነች። "ያረቢ! ወንበር አጥተው ነው? ቤቱ ሙሉ ወንበር አይደል!"

"እሳቱን አጠፋሁት። እንግዳ ስላለባቸው ይህን ግን ጋግሪ ብለውኛል። በኀዘን ቤት እንዴት እጋግራለሁ? ስለዚህ ወደ አንቺ መጣሁ።"

ሃጂራ ምድጃዋን አየች፤ ገንዳውን አየች፤ ፊቷም ጠቈረ። "አላህ ለእናቲቱ ይዘንላት። ነገር ግን ሰርኬ፣ የእኔን እሳት ለእነርሱ ልስጥ? የእነርሱ እሳት ስንቱን ጎጆ ከነሰው ሲበላ አላየንም? አምሐን…" አለችና ቃሏን ዋጠችው።

"አምሐን ምን?"

"ምንም። አምሐ ሲመጣ ምን ይለናል ልል ነው።"

ይህን ያለችው ሰርኬን ደስ ለማሰኘት ነው። ሰርኬ ሐሰት መሆኑን ዐወቀች፤ ሃጂራም ማወቋን ዐወቀች፤ ሁለቱም ወደ ገንዳው አጎነበሱ። በዚህ ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ያጎነበሱበት ጊዜ ብዙ ነው።

በመጨረሻ ሰርኬ፣ "ለገዳይ ምድጃ አልለምንሽም። እናቷን አፈር ማልበስ ላልቻለች ሴት ነው የምለምንሽ" አለች።

"እርሱስ እውነት ነው" አለች ሃጂራ። እጅጌዋን ሰብስባ ሊጡን ልትነካ ጣቷን ዘረጋችና በመካከል ቆመች። "ቈዪ እስቲ። ስቡ የምንድን ነው?"

እዚህ ላይ ሰርኬ መዋሸት ትችል ነበር። የላም ነው ብትል ማን ይመረምራል? ሲኞራ ግን ለቶርታ የምታገባው ነጭ የአሳማ ስብ ነው። ሰርኬ ራሷ ብቻዋን ስትሠራ በእንጨት ማንኪያ እንጂ በጣቷ አትነካውም። ቀኑ እየሄደ ነው፤ ቀራንዮ ዳገት ነው፤ ሊጡ የተሰናዳ ነው፤ ሐሰትም ለምላሷ ከማር ይልቅ ቀርባ ነበር።

"የአሳማ ነው" አለች።

ሃጂራ እጇን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰበች። "ደግ አደረግሽ መንገርሽ። ይህ ምድጃ ልጆቼን የሚያበላ ነው። ወደዚያ አርቂልኝ፤ የመጋገሪያውንም ቆርቆሮ ጨምሪ፤ እርሱም ተቀብቷል።"

ሰርኬ ያን ሁሉ ሊጥ ከአጥሩ ማዶ ቈፍራ ቀበረችው፤ እጇንም በዐመድና በውሃ ደጋግማ ታጠበች። ስትመለስ ባዶ እጇን ነበረች። ለውዙ፣ ስኳሩና ኮኩ ብቻ ቀርተዋል። ቁጭ ብላ ልታለቅስ ምንም አልቀራት፤ ነገር ግን ማልቀስ ከጀመረች ስለ ሊጡ ብቻ እንደማታለቅስ ታውቃለችና ጥርሷን ነከሰች።

ሃጂራ ከጓዳ አንድ ቁና ዱቄት፣ በቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤና ከዶሮዋ ሥር የተለቀመ እንቁላል ይዛ ወጣች። "ስሚኝ" አለች፤ "ለጣልያን ግብዣ አንድ እፍኝ አልሰጥም። ይህን የምሰጠው ለለቅሶ ቤት ነው። ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። በይ ሥሪ።"

እንግዲህ ተጀመረ። ሰርኬ ቅቤውን በቀዝቃዛ ውሃ አጠንክራ ከዱቄቱ ጋር በጣቶቿ ጫፍ አሸችው። በመዳፍ ከተያዘ ይቀልጣል፤ ከቀለጠም ቂጣው ቆዳ ይሆናል። እንቁላል ሰበረችበት፤ ስኳር ነሰነሰችበት፤ ሰበሰበችውና እርጥብ ጨርቅ አልብሳ አሳረፈችው። ሃጂራ ለውዙን ከስኳር ጋር በሙቀጫ ወቀጠችው፤ በመጀመሪያ እንደ አሸዋ ነበረ፤ ከዚያ እንደ እርጥብ አፈር ሆነ፤ በመጨረሻም የራሱን ቅባት አወጣና ሙቀጫው ላይ ተለጠፈ።

"ቅመሺልኝ" አለች ሰርኬ። "እንቁላል ገብቶበታል፤ እኔ ፍልሰታ ላይ ነኝ።"

ሃጂራ ላሰች፤ ዐይኗን ጨፈነች። "ለድዳም ሽማግሌ የተሠራ ይመስላል።"

"ስኳሩ በቅቶታል ወይ?"

"ለኀዘንተኛ ከሆነ ይብቃው። ለሠርግ ከሆነ ጨምሪ።"

አልጨመረችም። ሊጡን ዳምጣ በሃጂራ የሸክላ ሳህን፣ በጻሕሉ ላይ ዘረጋችው፤ ጠርዙን በአውራ ጣቷ እየቈነጠጠች አቆመችው፤ ለውዙንም በሆዱ ሞላች። ሃጂራ ፍሙን ጠርጋ አውጥታ የምድጃውን ወለል በእርጥብ ጨርቅ ወለወለች፤ ቁንጥር ዱቄትም ወረወረችበት። ዱቄቱ ወዲያው ከጠቈረ እሳቱ ገና ክፉ ነው። ጠቈረ። ጠበቁ። ዳግመኛ ስትወረውር እንደ ገብስ ቆሎ ቀላ፤ ጻሕሉም ገባ።

በሚጋገርበት ጊዜ ሰርኬ ኮኩን ልጣ እንደ ጨረቃ ስንጥር አቀጠነችው። የቅቤና የለውዝ ሽታ ጓሮውን ሲሞላው ሃጂራ፣ "እናቷ ስንት ዓመቷ ነበር?" ብላ ጠየቀች።

"አልነገረችኝም።"

"ልጅ ይኖራት ይሆን ሌላ? የሚቀብራት?"

"አላውቅም።"

"አየሽ" አለች ሃጂራ ፍሙን በእንጨት እየቈሰቈሰች፤ "ሰው ሲሞት ቢያንስ ይህን መጠየቅ ነው። የሚጠይቃት እንኳ የለም።"

ሰርኬ ስለ ራሷ ዐሰበች። ስለ አምሐ የጠየቃት ሰው ስንት ነው? ማንም የለም። እንዳይጠይቁ በሩን የዘጋች ግን እርሷ ራሷ ናት።

ቶርታው ጠርዙ ቡናማ፣ ሆዱ ወርቅ መስሎ ወጣ። በክረምቱ ነፋስ አቀዘቀዙት፤ ኮኩን ከዳር ወደ መካከል እየደራረቡ ደረደሩበት፤ በውሃ የቀጠነ ማር ቀቡት። ሃጂራ ወደ ኋላ ሸሸት ብላ ተመለከተችው። "ይህን ሰው ይበላዋል ወይስ ቁጭ ብሎ ያየዋል?"

ሰርኬ ማድቤት ስትደርስ ዱካው ባዶ ነበረ። ጥቂት ቈይታ ሲኞራ ገባች። የእንግዳ ልብስ ለብሳለች፤ ጉትቻ አድርጋለች፤ ፊቷ በመኳኳያ ዱቄት ተለስኗል። ቶርታውን ከነጻሕሉ አየች፤ ጠፍቶ የቀዘቀዘውን ምድጃም አየች።

"እሳት… ለምን?" አለች።

ሰርኬ የምታውቃቸውን የጣልያንኛ ቃላት ለቃቅማ ደረደረቻቸው፤ እናት ሞተች፤ በቤት እሳት የለም፤ ጎረቤት ጋገረ፤ ጎረቤት ላከ። ከዚያም ቢላዋ አንሥታ ቶርታውን ቈረሰችው። ለኀዘንተኛ የተሠራ ምግብ አስቀድሞ የሚቀምሰው ኀዘንተኛው ነው፤ እንግዶች ስለሚሉት ለማሰብ አልቆመችም። ቍራሹን በእጇ ይዛ ወደ ሲኞራ አፍ አቀረበች።

"ይቅመሱ። ስለ እናትዎ።"

በዚያ ቤት ገረድ እመቤቷን አጉርሳ አታውቅም። ሲኞራ ግን እንደ ሕፃን አፏን ከፈተች። አኘከች። እንባዋ በጉንጯ ዱቄት ላይ መንገድ እያወጣ ወረደ። ግንባሯን በማድቤቱ ግድግዳ ላይ አስደገፈች፤ ከደረቷ ጥልቅ አንድ ድምፅ መምጣት ጀመረ። ሰርኬ ያን ድምፅ ታውቀዋለች፤ በየለቅሶው ሰምታዋለች፤ ከወጣ በኋላ ሰው እፎይ የሚልበት ነው። ልትደግፋት እጆቿን ዘረጋች።

በዚህ ጊዜ በደጅ የመኪና ድምፅ ተሰማ፤ ሲኞርም ከሳሎን፣ "ሊና!" ብሎ ተጣራ።

ድምፁ ከመንገድ ተመለሰ። ሲኞራ ቀና አለች፤ ዐይኗን በመሐረብ አደረቀች፤ በመስኮቱ መስታወት ፊቷን አስተካከለች። ቶርታውን አነሣች፤ የተቈረሰው ወገን ወደ ራሷ እንዲሆን አዞረችው፤ ወጣች። ጥቂት ሳይቈይ ከሳሎን ሣቋ ተሰማ።

ሰርኬ በቀዘቀዘው ምድጃ አጠገብ ቆማ ያን ሣቅ አዳመጠች። ረዥም ነው፤ ከሚያስቀው ነገር ይበልጣል፤ ሌላው ሰው ካቆመ በኋላም ይቀጥላል። አወቀችው። ጎረቤት በአጥር ላይ "እንዴት ዋልሽ ሰርኬ?" ሲላት የምትሥቀው የራሷ ሣቅ ነው። ዓመት ከመንፈቅ ስትሥቀው ከውስጥ እንጂ ከውጭ ምን እንደሚመስል ሰምታው አታውቅም ነበር። አሁን ሰማችው። ይህችን ሴት ባሏ ለቅሶዋን ቀማት። እኔንስ ማን ቀማኝ? አለች በልቧ። እነርሱ ባሌን ወሰዱ፤ ለቅሶውን የከለከልሁት ግን እኔ ነኝ፤ ፍትሐቱንም ጭምር።

ሲኞር ለሻይ የፈላ ውሃ ሊያዝ ሲገባ እንዲህ እንደ ቆመች አገኛት። ምድጃውን ነካ፤ እጁ በእርጥብ ዐመድ ጠቈረ። "ማን አዘዘሽ? ቶርታውን የት ነው የጋገርሽው?"

"ጎረቤት ቤት፣ ሲኞር።"

"የማን ቤት? የማን ምድጃ? ዱቄቴን ወዴት ወሰድሽ?" ጩኸቱ እስከ ሳሎን ተሰማ። እዚያ ሣቁ ለአፍታ ቆመ። ሰርኬ ጠበቀች፤ ሲኞራ አንድ ቃል ትናገር ይሆናል ብላ። ሣቁ እንደ ገና ቀጠለ። ይህ ዝምታ በደል ነው፤ በደል አይደለም ማለት አይገባም። ነገር ግን ለገዛ እናቷ ማልቀስ ያልተፈቀደላት ሴት ለሌላ ሰው አፍ ከወዴት ታገኛለች?

"ነገ ዐይንሽን እንዳላይ!" አለ ሲኞር።

ሰርኬ ሽርጧን ፈታች፤ አጣጥፋ ዱካው ላይ አስቀመጠችው፤ ወጣች።

ሃጂራ የከሰዓቱን ዳቦ ከምድጃ ታወጣ ነበር። "በላች?" አለች ቀና ሳትል።

"አንድ ጉርሻ።"

"አለቀሰች?"

"ሊወጣላት ሲል ጠሯት።"

"ወይ ጉድ! ምን ዐይነት…" ቀና ስትል የሰርኬን ፊት አየች።

"ሃጂራ፣ መርዶዬን ንገሪኝ።"

ሃጂራ ዳቦውን ከነአካፋው ያዘች። "ምን አልሽ?"

"ሰምተሻል።"

"እኔ? በጠራራ ፀሐይ? መርዶ ሽማግሌ አለው፤ ማለዳ አለው! ቈዪ፣ አቶ ወልደጊዮርጊስን ላስጠራቸው፤ ነገ ጎሕ ሲቀድ ይምጡ።"

"ነገ ጎሕ ሲቀድ ሌላ ሰው እሆናለሁ። በሩን እዘጋለሁ፤ ሬሳ ያየ እላለሁ። ዐውቀዋለሁ ራሴን። ዛሬ ንገሪኝ።"

"እኔ እስላም ነኝ፣ ሰርኬ። ሰዎችሽ ምን ይላሉ?"

"ጎረቤቴ ነሽ። ከዚህ በላይ ምን ይላሉ?"

ሃጂራ ዳቦውን አስቀመጠች፤ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ዐይኗ አስቀድሞ ሞልቶ ነበረ። የሰርኬን ክንድ ይዛ በአጥሩ ክፍተት አሳልፋ ወደ ሰርኬ ቤት አስገባቻት፤ ሰሌኑን ዘረጋች። "ተቀመጪ" አለቻት፤ "ቆመሽ አልነግርሽም።" ተቀመጠች። ሃጂራም ከአጠገቧ ተቀምጣ ሁለት እጆቿን ያዘች።

"ሰርኬ፣ እኅቴ። አምሐ ሞቷል። በየካቲት ነው የሞተው። አይመጣም።"

ሰርኬ ቃሉን አዳመጠችው። ስትፈራው የኖረችው ቃል አጭር ነበር። ከዚያ ያ ድምፅ፣ በቀራንዮው ማድቤት ከመንገድ የተመለሰው ዐይነት፣ ከእርሷ ወጣ፤ ማንም አልጠራትምና ሁሉም ወጣ። "አምሐ! አምሐዬ!" አለች፤ ኮልፌም ሰማ።

መሰብሰብ በሚያስጠይቅበት ዘመን ነበረ። ቢሆንም በየአጥሩ በር እየተከፈተ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ጭቃውን እየተሻገሩ መጡ። አቶ ወልደጊዮርጊስ ምርኵዛቸውን ተደግፈው ገቡና ማን ነገራት ብለው ሳይጠይቁ ተቀመጡ። "ቆዳ ሲመዝን ጣቱን ሚዛን ላይ የማይጭን እርሱ ብቻ ነበር" አሉ፤ አለቀሱም። ሌላው ሌላውን አነሣ፤ ሲሥቅ ትከሻው እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ፣ ለማን ምን እንዳበደረና እንደ ተወ፣ በዝናብ ጊዜ የማንን ቤት እንደ ከደነ። ሰርኬ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ያልሰማችውን የባሏን ስም ከሁሉ አፍ ሰማች። አንዱ ጎረቤት ለንስሐ አባቷ ሊነግር ወጣ፤ በማግሥቱ ማለዳ ፍትሐት እንዲደርስለት።

ሲመሻሽ አልማዜ የምትባል ጎረቤት የስንዴና የባቄላ ንፍሮ በወጭት ይዛ ገባች። ሃጂራ ተቀበለቻትና እፍኝ ሙሉ ወደ ሰርኬ አፍ አቀረበች።

"አልችልም።"

"ትችያለሽ። አፍሽን ክፈቺ።"

ሰርኬ ተቀበለች፤ አኘከች፤ እንባና ንፍሮ በአፏ ተደባለቀ። "ጨው የለውም" አለች።

"ነገ ይኖረዋል" አለች ሃጂራ፤ "ዛሬ እንዲሁ ዋጪው።"

ዋጠችው።